ወንዝ ስለሚያሻግሩት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች

በአትላስ ሰፈር ማታ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያተኵረው በደጁ በቆመው እንጨት ላይ ነው። ኃይሉ ስንት ገደልና ስንት ወንዝ ተሻግሮ እንደ መጣ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የቦሌ መብራት ከቦሌ አይመነጭም። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. በ43 ሜጋ ዋት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማችን በሩቅ ውሃ የምትበራ ሆናለች፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይልም በ500 ኪሎ ቮልት መሥመር እስከ ሆለታ ይደርሳል።

በወንዝ ግራና ቀኝ የቆመ ምሰሶ ሸክሙ ከሜዳው ልዩ ነው። ሽቦው ከማዶ እስከ ማዶ ያለ ደጋፊ ስለሚንጠለጠል ክብደቱና የነፋሱ ግፊት በሁለቱ ላይ ይወድቃል፤ ክረምት በመጣ ቍጥር ጎርፍ መሠረቱን ይቦረቡራል፤ ብረቱም የተለበጠበት ዚንክ ሲያልቅ ከሲሚንቶው በሚገናኝበት እግሩ በኩል መዛግ ይጀምራል። ከሩቅ ለሚያየው ግን እንደ ጥንቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አታላይነቱም በዚሁ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምሰሶ መለወጥ የሚገባው ሳይወድቅ ነው። አሮጌው ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ አዲሱ በአጠገቡ፣ ጎርፍ ከሚደርስበት ራቅ ብሎ ይቆማል፤ መብራት የሚቋረጠውም ሽቦው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚዛወርበት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ከወደቀ በኋላ ግን ሐኪም ቤቱና ፋብሪካው በጨለማ እየጠበቁ በጭቃ ውስጥ ብረት ማጓጓዝ ነው። በኢጣሊያና በሲሲልያ መካከል፣ በመሲና ወሽመጥ ላይ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1955 ሥራ የጀመሩት ሁለት ታላላቅ ምሰሶዎች ሥራቸውን የተዉት በባሕር ሥር ገመድ ተተክቶላቸው ነው እንጂ ወድቀው አይደለም፤ ዛሬም ሽቦ ሳይኖራቸው ባዶአቸውን ቆመዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በከተማችን ጎዳናዎች ላይ የነበረው የሽቦ ብዛት ከመሬት በታች እየገባ ነው፤ የሚመሰገን ሥራ ነው። የምንፈራው ገንዘቡ ሁሉ ዓይን ወደሚያርፍበት ሲሄድ የገደሉ ምሰሶ እንዳይረሳ ነው።

ሌላም አለ። የምሰሶውን ብረት ፈትቶ የሚሸጥ እንዳለ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ደጋግሞ አስታውቋል። የታችኛው ማሰሪያ የተፈታበት ምሰሶ ወዲያው አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሌባው ገንዘቡን ከበላ በኋላ፣ ነፋስ በተነሣ ሌሊት ነው። ለዚህ የወረዳው ሹም ብቻውን አይበቃም፤ የአጥቢያው ካህን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ቢመክር ከዘበኛ ይልቅ ይሰማል።

ለሹማምንቱ የምናሳስበው ክረምት ሳይገባ ወንዝ የሚያሻግሩት ምሰሶዎች ሁሉ እንዲመረመሩ፣ ዕድሜያቸውና ጉዳታቸው በመዝገብ እንዲጻፍ፣ ለተጐዱትም መለወጫ በበጀት እንዲያዝ ነው። ምርመራውም ከመኪና መስኮት ሳይሆን እስከ ወንዙ ዳር በእግር ወርዶ ይሁን።