ባለሙያው ወደ ክፍሉ ይምጣ

ክፍል ውስጥ ረግቶ መቀመጥ ያቃተው ልጅ በአገራችን ሁለት ነገር አያጣም፤ ስምና ቅጣት። ስሙ «ቀዥቃዣ»፣ «ረባሽ»፣ «ሰነፍ» ነው። ቅጣቱ ከኩርኩም ይጀምርና በመንበርከክ አልፎ ልምጭ ላይ ይደርሳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ልምጩ ግን ከብዙ ክፍሎች ገና አልወጣም። ልጁ ያጣው፣ የቸገረውን ነገር ቀርቦ የሚያይለትና መላ የሚያበጅለት ሰው ነው።

ሐኪሞች ይህን ችግር ኤዲኤችዲ ይሉታል። ልጁ ትኩረቱን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ ያለ ፋታ ይቅበጠበጣል፣ ሳያስብ ይቸኩላል። አንዳንዶች እንደሚሉት የዘመን አመጣሽ ቅብጠት አይደለም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እንዲህ ያለ ጠባይ ያላቸውን ልጆች እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ በሰጣቸው ትምህርቶች ገልጿቸዋል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ችግሩ እንዳለባቸው ያመለክታሉ። በዚህ ስሌት 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሦስት ያህል ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። ከነዚህ አንዷ ማንንም የማትረብሽ፣ በመስኮት ስትመለከት የምትውል፣ «ፈዛዛ» ተብላ የተረሳች ልጅ ልትሆን ትችላለች። የሴቶቹ ችግር ብዙ ጊዜ ድምፅ ስለሌለው ሳይታይ ያልፋል።

እርግጥ ነው፣ ትኩረት ያጣ ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት አይባልም። ችግሩ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ፣ በትምህርት ቤትም በቤትም የሚታይ መሆን አለበት። ጆሮው የሚመግል ልጅ መምህሩን በደንብ አይሰማም። ዓይኑ የደከመ ልጅ ሰሌዳውን አያይም። ለጥቂት ሴኮንድ ፈዞ የሚቀርበት የሚጥል በሽታ ዓይነት ያለበት ልጅ ልቡ ሌላ ቦታ የሄደ ይመስላል። ቁርስ ሳይበላ የመጣ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ጦርነት ያፈናቀለው ልጅም ትኩረቱ ይበተናል። ስለዚህ ስም ከመለጠፍ በፊት ጆሮና ዓይን ይታይ፣ ጤናው ይመርመር፣ የቤቱ ሁኔታ ይጠየቅ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው ሙያ ነው። ባለሙያው ልጁ በየዕለቱ ሊሠራው የሚገባውን ነገር እያየ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ይለያል። ልብስ መልበስ፣ ደብተር ማዘጋጀት፣ ተራ መጠበቅ፣ የተጀመረ ሥራ መጨረስ፣ ሁሉም የሱ ጉዳይ ነው።

ከሰሌዳ መገልበጥን እንውሰድ። ልጁ ቃሉን ያያል፣ በአእምሮው ይዞ ወደ ደብተሩ ያጎነብሳል፣ መስመሩን ይፈልጋል፣ እርሳሱን ጨብጦ ይጽፋል፣ ቀና ብሎ ካቆመበት ይቀጥላል። መምህሩ የሚያየው ያልተጠናቀቀ ደብተር ነው። ባለሙያው ግን ሥራው የት እንደተቋረጠ ያያል። እርሳስ አያያዙ እጁን እያደከመው ይሆን? ቀና ባለ ቁጥር ያቆመበት ይጠፋው ይሆን? ወይስ አግዳሚው ከፍ ብሎበት እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሰውነቱ እረፍት አጥቶ ነው? መልሱ እንደ ችግሩ ይለያያል፣ አብዛኛው ደግሞ ርካሽ ነው። ከእግር ሥር የሚገባ የእንጨት ሳጥን፣ ከፊት ለፊት ወንበር፣ የሚገለበጠውን አሳጥሮ መስጠት፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መናገር፣ በየመሀሉ ተነስቶ ደብተር እንዲያድል ማድረግ።

ልጁ የራሱን ችግር ራሱ እንዲፈታ የሚያሠለጥን ዘዴም አለ። ሄለን ፖላታይኮና አንጄላ ማንዲች የተባሉ የካናዳ ባለሙያዎች ባዳበሩት አሠራር ልጁ አራት ነገር ይለምዳል፦ ግቡን ይናገራል፣ እንዴት እንደሚያደርገው ያቅዳል፣ ያደርገዋል፣ ዕቅዱ መሥራቱን ያያል። ካልሠራ ዕቅዱን ይለውጣል። «አርፈህ ተቀመጥ» ሲባል ለኖረ ልጅ «አንተ ምን ብታደርግ ይሻልሃል?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ለውጥ ነው።

በዚህ ሙያ ስም የሚቀርብ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ልጅን የሚያወዛውዝ መሣሪያ፣ ክብደት ያለው ሰደርያ፣ የስሜት ሕዋሳትን ያስተካክላል የሚባል ክፍል፣ እነዚህ ለብዙ ወላጅ ውድ ናቸው፤ ለትኩረት ችግር ያላቸው ማስረጃ ግን ስስ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 በስሜት ሕዋሳት ላይ ለተመሠረተው ሕክምና ያለው ጥናት ውስን መሆኑ ለወላጆች እንዲነገራቸው አሳስቧል። ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 6 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች አስቀድሞ የሚመክረው ለወላጆች የሚሰጥ የልጅ አያያዝ ሥልጠና ነው። ገንዘብ የሚከፍል ወላጅ «ይህ ነገር ልጄ በቤትና በክፍል የሚሠራውን ሥራ እንዴት ያሻሽልልኛል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ባለሙያውም መልስ ሊኖረው ይገባል።

መድኃኒትም ይረዳል። ከፍ ላሉ ልጆች ሜቲልፌኒዴት የሚባለው መድኃኒት ምልክቶቹን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ የቀረበላቸውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2019ም በ2021ም አልተቀበሉትም። ድሃ አገሮች መድኃኒት ሲገዙ ያንን ዝርዝር ስለሚከተሉ፣ የኛ ልጅ መድኃኒቱን ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው። ቢያገኝም እርሳስ መያዝና ቦርሳ ማዘጋጀት በኪኒን አይለመድም። ስለዚህ በክፍልና በቤት የሚሰጠው ድጋፍ ለኛ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ድጋፉን የሚሰጥ ሰው ከየት ይምጣ? ጅምሩ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። ጥያቄው ተመራቂዎቹ የት ይሠራሉ የሚለው ነው። ሁሉም ሆስፒታል ከገቡ የሚያገኟቸው የተሰበሩና በስትሮክ የተመቱ ሕሙማን ናቸው። እነዚህም እርዳታው ይገባቸዋል፤ ነገር ግን «ቀዥቃዣ» የተባለ ልጅ ሆስፒታል አይሄድም። የሚውለው ክፍል ውስጥ ነው።

ጎንደር ለዚህ የራሱ ታሪክ ምሳሌ ይሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አብሮ ያሠለጠነው በየገጠሩ ጤና ጣቢያ በቡድን እንዲሠሩ ነበር። ሥልጠናውና የሥራ ቦታው አብረው ታሰቡ። ዛሬም የሚያስፈልገው ይኸው አስተሳሰብ ነው።

ባለሙያውን ትምህርት ቤት ውስጥ የማሠራቱን አካሄድ የካናዳዋ ኦንታሪዮ ፈትሻዋለች። ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በመራው «ፓርትነሪንግ ፎር ቼንጅ» በተባለ ፕሮግራም 15 ባለሙያዎች በ40 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማርተዋል። ፕሮግራሙ የታሰበው እንቅስቃሴያቸውን ማቀናጀት ለሚቸግራቸው ልጆች ነበር፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ደግሞ የትኩረት ችግርም አለባቸው። ባለሙያው ልጁን ነጥሎ ወደ ሌላ ክፍል አይወስድም። ከመምህሩ ጋር ክፍል ገብቶ ለሁሉም ተማሪ የሚበጀውን ያስተካክላል፣ ከዚያ ተጨማሪ ድጋፍ የሚሹትን ይለያል። ልጁ እርዳታ ለማግኘት የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም፣ ተራም አይጠብቅም። ሐኪም ለማየት ከተማ መውረድ ለሚኖርበት የገጠር ቤተሰብ ከዚህ የሚሻል አካሄድ አላውቅም።

እኛም መዋቅሩ አለን። ትምህርት ቤቶቻችን በጉድኝት ተደራጅተዋል፤ በአንዳንዶቹም የአካቶ ትምህርት የድጋፍ ማዕከል ተቋቁሟል። ትምህርት ሚኒስቴርና ጤና ሚኒስቴር ተነጋግረው በእነዚህ ማዕከላት የኦኩፔሽናል ቴራፒ የሥራ መደብ ይክፈቱ። አንድ ባለሙያ በሳምንት አንዳንድ ቀን በየትምህርት ቤቱ ይዙር። በጥቂት ከተሞች ተጀምሮ ውጤቱ ይለካ፣ ከዚያ ይስፋ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስታጸድቅ ለተማሪው በሚማርበት ቦታ ድጋፍ ለመስጠት ቃል ገብታለች።

«መጻሕፍትና መምህር ሳይሟላ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ይህን አልቀበልም። ትእዛዝን አንድ በአንድ የሚናገር፣ በክፍለ ጊዜው መሀል ልጆቹን የሚያንቀሳቅስ፣ የቀኑን ሥራ በሥዕል ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ መምህር 60ውንም ተማሪ ይጠቅማል። ያለ ድጋፍ የቀረ ልጅ ግን ክፍል ይደግማል፣ «አልችልም» ብሎ ያምናል፣ በመጨረሻም ያቋርጣል። ኪሳራው የሱና የእናቱ ብቻ አይደለም፤ ስድስት ዓመት አስተምሮ ባዶ እጁን የሸኘው የመንግሥት ካዝናም ይከስራል።

ባለሙያው እስኪመጣ መምህራንና ወላጆች ዛሬ የሚያደርጉት አለ። ልምጩን ያስቀምጡ፣ የልጁን ጆሮና ዓይን ያስመርምሩ፣ የትኛው ሥራ እንደሚከብደው ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡና ያንኑ አንዱን ሥራ ከፋፍለው ያቅልሉለት። ቀሪው ኃላፊነት የመንግሥት ነው፤ የሥራ መደቡን ይክፈት፣ በጀቱን ይመድብ።