በሦስት ላንድክሩዘር የሚመጣ ዘጋቢ ፊልም

ሆሳዕና በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ብዙ ቢሮ ገብቶባታል፤ ቢሮ ባለበት ደግሞ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አለ፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ባለበት ዘጋቢ ፊልም አለ። መሥሪያ ቤቱ የዓመቱን አፈጻጸም፣ ባንኩ የከፈተውን ቅርንጫፍ፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቱ የፕሮጀክቱን ፍሬ በምስል ማሳየት ይፈልጋል። መፈለጉ ተገቢ ነው። አሠራሩ ግን ሊታረም ይገባዋል። የተለመደው መንገድ ይህ ነው፤ ሥራው ለአዲስ አበባ ፕሮዳክሽን ይሰጣል፣ ቡድኑ ካሜራውን፣ መብራቱንና ጀነሬተሩን በሁለት በሦስት መኪና ጭኖ ይወርዳል፣ ከሆሳዕና ዱራሜ፣ ከዱራሜ ዶዮገና ሲዞር ይሰነብትና ይመለሳል። ከመመለሱ በፊት ሁሉም ተሰልፎ ችግኝ ይተክላል፤ ተከላውም ይቀረጽና የፊልሙ መዝጊያ ይሆናል። ችግኙ ሥራውን “አረንጓዴ” አደረገው የሚለውን ይህን እምነት ነው የምቃወመው። አንድ ቀረጻ አካባቢን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወሰነው ውሉ ሲፈረም ነው፤ ማን እንደሚቀርጽና ከየት ተነሥቶ እንደሚመጣ በሚቆረጥባት ሰዓት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል እስከ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ደርሶ መልስ 460። ዕቃ የጫነ ትልቅ የናፍጣ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ይጠጣል ብንል ለአንድ ጉዞ 60 ሊትር ይፈጃል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ አንዱ መኪና ብቻ 160 ኪሎ ግራም ያህል ወደ አየር ይለቃል። ይህ በየወረዳው የሚደረገውን መመላለስ አይጨምርም። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅና ከኢንዱስትሪ በዓመት የሚደርሰው የልቀት ድርሻ 200 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሦስት መኪና ይዞ የመጣ ቡድን ካሜራውን ገና ከሻንጣው ሳያወጣ፣ ከሁለት ሰው በላይ ዓመቱን ሙሉ የሚደርሳቸውን አቃጥሏል። የዕለቱ ችግኝ፣ በእንክብካቤ ጸድቆ ቢያድግ እንኳ፣ ይህን ለመምጠጥ ዓመታት ያስፈልገዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ተቋሙ ሌሎች ብዙ ፊልሞችን አሠርቷል።

የቀረጻ ልቀት በሚለካበት አገርም ውጤቱ ወደዚሁ ይጠቁማል። ብሪታንያ ውስጥ የፊልምና የቴሌቪዥን አዘጋጆች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አልበርት በተባለ ሥርዓት የየዝግጅታቸውን ልቀት ያሰላሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ የጉዞና የመጓጓዣ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ ታላላቅ ስቱዲዮዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባም አንድ ትልቅ ፊልም በአማካይ 3,370 ቶን ይለቃል፤ ግማሽ የሚጠጋው ከነዳጅ ነው። ሰው የሚያየውና የሚያወራው ግን ስለ ሌላው ነው፤ በቀረጻው ቦታ ስለተጣለው ሃይላንድ፣ አንድ ቀን ተሰቅሎ ስለሚጣለው የፕላስቲክ ባነር። እነዚህም ይቀነሱ፤ ፓርላማው የፕላስቲክ ከረጢትን በ2017 በሕግ ከልክሏል፣ ከዚህ በኋላ ባነር በየዝግጅቱ ማሳተም ምክንያት አይኖረውም። ይሁን እንጂ ጠርሙሱን ለቅሞ ሦስቱን መኪና መተው ዋናውን ትቶ ትርፉን መያዝ ነው። ቪዲዮን በኢንተርኔት ማየት ከባድ ብክለት ነው የሚለውም ሥጋት ከልክ በላይ ተጋንኗል። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባቀረበው ስሌት የአንድ ሰዓት ዕይታ 36 ግራም ገደማ ነው፤ የአንዲቱ ላንድክሩዘር አንድ ጉዞ ከ4,400 ሰዓት ዕይታ ጋር ይስተካከላል።

ኢትዮጵያ በዓለም ልቀት ውስጥ ያላት ድርሻ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ ስለ ጥቂት መኪናዎች መሟገት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ድርሻችን ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ይህ ክርክር ጭሱን የሚለቀው ማን እንደሆነ ይሸፍናል። ፊልሙ የሚያሳየው የዶዮገና ገበሬ እርከን ሠርቶ፣ በእንሰቱ ዙሪያ ሣር ተክሎ፣ በጎቹን አሻሽሎ የአየር ንብረት ለውጥን እየተቋቋመ ነው፤ ይህንንም ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች በአርአያነት አቅርበውታል። ናፍጣ አያቃጥልም ማለት ይቻላል። የእሱን ጥንቃቄ ለማስመስገን ተብሎ ከእሱ ዓመታዊ ድርሻ እጥፍ የሚበልጥ ነዳጅ ማቃጠል ለአገር ልማት የተከፈለ ዋጋ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። የትናንሽ አገሮች ጥያቄ ፍትሕ ነው፤ ፍትሕ ከተባለ ደግሞ በአገር ውስጥም በሚያጨሰውና በማያጨሰው መካከል ይጠየቃል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሌላው መከራከሪያ ጥራት ነው። በአካባቢው የሠለጠነ ባለሙያና በቂ መሣሪያ የለም ይባላል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በሾኔ ሠርግ የሚቀርጹ ወጣቶች ግን ከማለዳ እስከ ሌሊት ሳያርፉ፣ ድገሙልኝ የማይባልበትን ሥራ፣ በሚለዋወጥ ብርሃን ሲሠሩ ይውላሉ። ሀዲይኛና ከምባትኛ ይናገራሉ፤ ቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ አይፈልግም፣ ገበሬውም በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ የሚናገረው ሌላ ነው። የሚጎድላቸው ነገር ካለ ምናልባት ጥሩ ሌንስ፣ የድምፅ መቅጃና የታሪክ አወቃቀር ልምድ ነው። ይህን ለመሙላት አንድ ዳይሬክተር በሕዝብ ማመላለሻ መምጣት ይችላል። ቅንብሩ አዲስ አበባ እንዲሠራ ከተፈለገም ቡድን ማጓጓዝ አያስፈልግም። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀረጽ ምስል በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ስለሚሆን በኛ ኢንተርኔት መላኩ ያስቸግር ይሆናል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን በየቀኑ በሚመላለሰው አውቶቡስ ለሹፌር በአደራ ይላካል። አውቶቡሱ ያለ እኛም ይሄድ ነበር።

መብራት ይጠፋል፣ ስለዚህ ጀነሬተር ግድ ነው የሚለው የቀድሞ ዘመን ክርክር ነው። የዱሮው የቃለ መጠይቅ መብራት እያንዳንዱ 800 ዋት ይፈልግ ነበር፤ ዛሬ 100 ዋት የሚበላ የኤልኢዲ መብራት ያንኑ ሥራ በባትሪ ይሠራል። ባትሪው ሌሊት በሆቴል ይሞላል፤ የሚሞላበት ኃይል ደግሞ በአገሪቱ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚገኝ ነው፣ ሀዲያን በምዕራብ የሚያዋስነው የኦሞ ወንዝም ከሚያመነጩት አንዱ ነው። እንዲህ ንጹሕ ኃይል ያለው አገር ቤንዚን እያቃጠለ ፊት ሲያበራ ማየት ያሳዝናል። ጀነሬተሩ ድምፅም ያበላሻል፤ ከእንሰቱ ጥላ ሥር በጠዋት ብርሃን የሚቀረጽ ሰው ፊቱም ድምፁም የተሻለ ይወጣል።

ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ግን ድግግሞሹ ነው። የሐምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎች ከድሮን ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ በአካባቢው ያለ ተቋም ሁሉ ያውቃል፤ የባህሉ መሥሪያ ቤት፣ ቱሪዝሙ፣ ባንኩ፣ ግብረ ሰናዩ እያንዳንዱ በየራሱ ያስቀርጸዋል። መስከረም በገባ ቁጥር የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በዓላት ቀረጻም እንደዚሁ ነው። አንዴ በደንብ የተቀረጸ፣ ቀኑና ቦታው የተመዘገበ ምስል በጋራ መዝገብ ቤት ቢቀመጥና ለሚፈልግ በተመጣጣኝ ክፍያ ቢሰጥ ከዚህ ጉዞ ብዙው ይቀራል። ምስሉ የሕዝብ ገንዘብ የተከፈለበት ነውና፣ በአንድ ፕሮዳክሽን ኮምፒውተር ውስጥ ተረስቶ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ለወደፊቱ ታሪክም ቢሆን፣ ከዓመት ዓመት የተጠበቀ የያሆዴ ምስል አንድ ጊዜ በአዳራሽ ታይቶ ከጠፋ ፊልም ይበልጣል።

ልማዱ ርካሽ ሆኖ አይደለም የቀጠለው፤ አበሉ፣ ነዳጁና የመኪና ኪራዩ ተደምሮ ከቀረጻው ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። የቀጠለው፣ ብዙ መኪና ይዞ የመጣ ቡድን ለሥራው ክብደት ማስረጃ ተደርጎ ስለሚታይና የሥራ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው የአምናውን ሰነድ ቀን ቀይሮ ስለሚያወጣው ነው። በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ጠቅሰው ነገሩ በጊዜው ይፈታል የሚሉም አሉ። ክልከላው ግን አስቀድመው የገቡትን የተቋማት መኪናዎች አይነካም፤ እነሱም ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ቁልፉ ያለው ሰነዱን በሚጽፉት እጅ ነው። ሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት በሚወጡ ጨረታዎች ውስጥ ተወዳዳሪው ስንት መኪና፣ ስንት ኪሎ ሜትርና ስንት ሊትር እንደሚጠቀም ይግለጽ፤ ለአካባቢው ባለሙያ ነጥብ ይሰጥ፤ ያልተቀነባበረው ምስል ከነመግለጫው ለክልሉ ይመለስ። ችግኙም ይተከል፤ በፊልሙ መዝጊያ ላይ ግን ከተከላው ምስል ይልቅ የተቃጠለው ሊትር ይጻፍ።