እንግዳን ከቀበና በእግር
ከሌላ ከተማ ጓደኛ ሲመጣብን አብዛኞቻችን መኪና አስነስተን ቀጥታ እንጦጦ ፓርክ እናወጣዋለን። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ደስ ይላል፤ ግን አዲስ አበባን ማሳየት ከተባለ ቀኑ ከቀበና ድልድይ ተነስቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሽቅብ በእግር ቢጀመር እመርጣለሁ። ታች ደፍርሶ ያየነው የቀበና ወንዝ የሚወርደው ከዚያው ከእንጦጦ ተራራ ነውና፣ እንግዳው ከተማችን ውሃዋን ምን እንዳደረገችው በዓይኑ ይይ። ዳገቱ ላይ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ይመጣሉ፤ ወገባቸው ታጥፎ፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ ጠብቆ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል አስፋልቱን እየጠረገ። መንገድ ልቀቁላቸው፣ ሰላምታም ስጧቸው፤ ፎቶ ለማንሳት ግን አትሽቀዳደሙ። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ከተማዋን እዚሁ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ከውጭ የመጣው ይኸው ባሕር ዛፍ ነው። ታሪኩን የሚያወራ ሞልቷል፣ ሸክሙን ግን ዛሬም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ከዚያ እንጦጦ ማርያም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። አጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተቀባ ቤት ነው፤ ትልቅ አዳራሽ የጠበቀ እንግዳ ዝም ብሎ ሲያየው ደስ ይለኛል። የጎደለን ከታች እስከ ላይ የሚያደርስ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሲሠራም በመጀመሪያ ለእነዚያ እናቶች ይሁን፣ ሸክማቸውን የሚያሳርፉበት መደገፊያም ይኑረው።