የፍቅሩ ተፈራ ሻንጣ

ስለ ኢትዮጵያ አጥቂዎች ክርክር ሲነሳ የፍቅሩ ተፈራ ስም ብዙ ጊዜ የሚጠራው በቁጭት ነው። «ያ ልጅ እኮ አንድ ቦታ ቢረጋ ኖሮ!» ይባላል። የካዛንቺስ ሰፊው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት፣ የሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤቶች ደጃፍ ላይ ይህን ያልሰማ ኳስ ወዳድ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ቁጭቱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። መዞር የፍቅሩ ድክመት አልነበረም። ሙያው ነበር።

እስቲ መንገዱን እንየው። ከአዳማ ከተማና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ ከዚያም ሱፐርስፖርት ዩናይትድ። በነገራችን ላይ ሱፐርስፖርት ያኔ የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ክለብ ነበር። እኛ ካዛንቺስ ቁጭ ብለን ለማየት የምንከፍለው ኩባንያ፣ እዚያ ለፍቅሩ ደመወዝ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በቼክ ሪፐብሊክ የስኮዳ መኪና በሚመረትባት ምላዳ ቦሌስላቭ ተጫውቷል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ከቡድኑ ጋር ደቡብ አፍሪካ የሄደው ከቬትናም ክለብ ተጠርቶ ነው።

ከዚያ ሕንድ መጣች። ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ኮልካታ በሚገኘው ሶልት ሌክ ስታዲየም የሕንድ ሱፐር ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታ ተካሄደ። አትሌቲኮ ደ ኮልካታ ከሙምባይ ሲቲ። በ27ኛው ደቂቃ ፍቅሩ አገባ። በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጎል የኢትዮጵያዊ ሆነች፤ እሱም እንደ ልማዱ አየር ላይ ተገልብጦ ደስታውን ገለጸ። በዚያው ቡድን ውስጥ ከሊቨርፑል ጋር የአውሮፓ ዋንጫ ያነሳው ሉዊስ ጋርሲያ ነበር። ፍቅሩ ፍጻሜው ላይ ባይሰለፍም ኮልካታ የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ቼናይን ተሻገረ፤ ዋንጫውም ወደ ቼናይን ሄደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፍቅሩ 28 እና 29 ዓመቱ ነበር። ያኔ የሕንዱ ሊግ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሦስት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ የሚያልቅ ነበር። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ወቅታዊ ሠራተኛ ማለት ነው። ውሉ አጭር ነው፣ ሲያልቅ ሌላ አገር ይፈለጋል። ዓለም ከማያውቀው ሊግ የወጣ አጥቂ አራት ዓመት የሚያስፈርመው ክለብ በቀላሉ አያገኝም። ያለው ምርጫ በየአገሩ ራሱን እንደ አዲስ ማሳየት ነው። ይህን ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ሰው «አልረጋም» ተብሎ ሲወቀስ ይገርመኛል።

ታዲያ ቁጭቱ የት ይሁን? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው ከእሱ በኋላ የመጣው ነው። ሳላዲን ሰኢድ ግብፅ፣ ቤልጂየምና አልጄሪያ ደርሶ ተመልሷል፤ ጌታነህ ከበደም ደቡብ አፍሪካ ሞክሯል። ያ ጅረት ዛሬ ቀጥኗል። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ስሌት አለው። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋማት በሚመጣ በጀት ነው፤ ከትኬትና ከተጫዋች ሽያጭ የሚያገኙት ከቁብ የሚገባ አይደለም። የደመወዙ ውድድር ከልክ ሲያልፍ በ2011 ዓ.ም. የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላም ይጣሳል የሚለው ክስ አልተቋረጠም። አንድ የ21 ዓመት አጥቂ እዚህ ቤተሰቡ አጠገብ ሆኖ ጥሩ ገንዘብ እያገኘ፣ ለምን ብሎ ቬትናም ሄዶ ከዜሮ ይጀምራል? ልጁ ሰነፍ አይደለም። እንደማንኛውም ሰው ያተርፈኛል የሚለውን መርጧል። ሂሳቡን ያጣመመው ገበያ ሳይሆን የሕዝብ በጀት ነው። ውጤቱን ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ ላይ እያየነው ነው፤ ከካሜሩኑ ውድድር በኋላ የተደረጉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች በቴሌቪዥን ተመልክተናል።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። በፊፋ ሕግ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በዝውውር ክፍያ ሲሸጥ፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ውሉን ጨርሶ በነጻ ሲሄድ ግን የሚከፋፈል ነገር የለም። ድርሻውን ለመጠየቅ ደግሞ ልጁ በስንት ዓመቱ የት እንደተመዘገበ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ ኳስ ያስተማረው የሰፈር ቡድን ወረቀት ከሌለው፣ ልጁ ነገ ካይሮ ወይም ጆሃንስበርግ በሚሊዮን ቢሸጥ ለቡድኑ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም።

መፍትሔው ሰማይ ላይ አይደለም። ፌዴሬሽኑ ታዳጊዎችን ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በአግባቡ ይመዝግብ። ክለቦች ውል ሲያስፈርሙ የውጭ ክለብ ሲመጣ በስንት ብር እንደሚለቁ ከወዲሁ ይጻፉ፤ ተጫዋች መሸጥን እንደ ኪሳራ ሳይሆን እንደ ገቢ ይዩት። በጀት የሚመድበው የከተማ ምክር ቤትም በየዓመቱ «ስንት ታዳጊ አሳደጋችሁ? ስንቱን ሸጣችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጆቹም ውል ማንበብና በእንግሊዝኛ መግባባት ከልምምዱ እኩል ይማሩ።

«ወጣቱ ሁሉ ተነስቶ ሲሄድ ሊጉ ባዶ አይቀርም ወይ?» የሚል አይጠፋም። የጋናን የናይጄሪያን ማየት ይበቃል። ሊጎቻቸው ተጫዋች በየዓመቱ ይለቃሉ፤ ብሔራዊ ቡድኖቻቸው ግን ከእኛ ርቀው ነው ያሉት። የሄደው ያያል፣ ይለምዳል፣ ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ የተማረውን ይዞ ይመጣል። የሚቀረው ቦታ ደግሞ ለተተኪው ይከፈታል።

ፍቅሩ ይህ ሁሉ ሳይመቻችለት ሻንጣውን ይዞ ወጥቶ ሠርቷል። ለሚቀጥለው ልጅ ግን በሩን ከውስጥ የቆለፍነው እኛው ነን፤ መክፈቱም የእኛው ሥራ ነው።