አስታማሚን ማን ያስተምራት?

በአገራችን ሆስፒታል የተኛ ሰው ብቻውን አይተኛም። አልጋው ሥር ሰሌን አንጥፎ የሚያድር፣ ምግብ በምሳ ዕቃ የሚያመላልስ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ የሚዞር፣ ሕመምተኛውን የሚያገላብጥና የሚያጥብ አስታማሚ አለ። ሕመምተኛው በዕድሜ የገፋ እንደ ሆነ አስታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጁ ናት። ደመወዝ የላትም፤ ስሟ ከሠራተኞች መዝገብ አልገባም፤ ሐኪሞች ለጉብኝት ሲመጡ ግን «አስታማሚዎች ውጡ» ተብላ የምትወጣው እርስዋ ናት።

ሽማግሌው ከሆስፒታል በወጣ ማግሥት ሐኪሙም ነርሷም አጠገቡ የሉም። ያለችው አስታማሚዋ ብቻ ናት። ታዲያ ሥራዋን ማን አስተማራት?

መልሱን ለማግኘት ሕመምተኛ ሲሰናበት የሚሰጠውን ወረቀት መመልከት ይበቃል። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለደም ግፊት አንድ፣ ለስኳር ሁለት መድኃኒት የታዘዘላቸው የሰባ ዓመት እናት ይህን የማያነቡትን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የትኛው ከምግብ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደሚወሰድ የሚያውቁት በፋርማሲው መስኮት በችኮላ የተነገራቸውን ካስታወሱ ነው። ጾም ሲገባስ? አንዳንዱን የስኳር መድኃኒት ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለሕመምተኛ ከጾም ፈቃድ እንደሚሰጡ የታወቀ ነው፤ እኒህ እናት ግን ካልጠየቋቸው አይናገሩም፤ ዝም ብለው ይጾማሉ።

«እንዴት ነዎት እማማ?» ሲባሉ መልሳቸው «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ ጨዋነት ነው እንጂ የምርመራ መልስ አይደለም። እኛም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን በሽተኛውን እንወቅሳለን፤ በአግባቡ ያልተጠየቀ ሰው ግን ደበቀ አይባልም። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ፣ መቼ እንደ ወደቁ፣ መድኃኒቱ እንዳያልቅባቸው ግማሹን ቆርሰው እንደሚውጡ የምታውቀው በር ላይ የቆመችው ልጃቸው ናት። እርስዋን ማስወጣት ምስክርን ከችሎት ማስወጣት ነው። እርግጥ እናቲቱ ለሐኪም ብቻ የሚነግሩት ምስጢር ይኖራቸው ይሆናል። ስለዚህ «ልጅዎ ትቆይ ወይስ ትውጣ?» ተብለው መጠየቅ ያለባቸው ራሳቸው ናቸው። ገላውም ዕድሜውም የእርሳቸው ነውና።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን እንዲጦሩ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ሸክሙን በሕግ ላሸከምናት ልጅ አያያዙን አለማሳየት ፍርድ ነውን? የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ባወጣው መመሪያ ከመውደቅ፣ ከመርሳት፣ ከዓይንና ከጆሮ መድከም ጋር አስታማሚን መደገፍንም ራሱን የቻለ ጉዳይ አድርጎ ጽፎታል። እንግዲህ ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

«ሐኪሙ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የሐኪሞቻችንን ድካም የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ያልገባቸው ሽማግሌ ብሶባቸው ሲመለሱ የሚወስዱት ጊዜ ለማስረዳት ከሚያስፈልገው አምስት ደቂቃ እጅግ ይበልጣል። «የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው» የሚልም አለ። መልካም፤ የሆስፒታሉ መዝገብ በእንግሊዝኛ ይቆይ፤ ሐኪም ለሐኪም ይጻፍበት። ወደ ቤት የሚሄደው ወረቀት ግን የሕመምተኛው ነውና በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በትግርኛም ይሁን በሶማልኛ፣ እርሱ በሚሰማው ቋንቋ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ለጧቱ ክኒን ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ይሣልበት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። የሕክምና ተማሪዎች መድኃኒቱን ያውቃሉ፤ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ ቋንቋውን እናውቃለን ብለን እንኮራለን። ኩራታችን ለፈተና ወረቀት ብቻ ከሆነ ምን ይረባል? ማኅበራችን ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ያገናኝ፤ በዚህ ዓመት ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ብቻ አንድ አንድ ገጽ እንጻፍ፤ መምህራን ሐኪሞች ያርሙት፤ ከመባዛቱም በፊት ለአንዲት አስታማሚ ይነበብላት። «ይህ አልገባኝም» ያለችውን ቃል እርስዋ አይደለችም የምታጠናው፤ እኛ ነን የምንለውጠው።