ዲያሊሲስ ላይ ላለ የስኳር ታማሚ ካልሲየም ከመላካችሁ በፊት

ከሐይቅ፣ ከአርዲቦ ዙሪያና ከደሴ የምትጽፉልኝ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትጠይቃላችሁ። ስኳር ያለበት አባት ወይም እናት ኩላሊት ደክሞ ዲያሊሲስ ተጀምሯል፣ አጥንት ያማል፣ ዓረብ አገር ያለች እህት ካልሲየም ልካለች። ይዋጥ?

የኔ አቋም፦ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ሳይለካ አይዋጥ።

ፓራታይሮይድ የሚባሉት አንገት ላይ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉ፣ ሩዝ የሚያህሉ አራት እጢዎች ናቸው። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን ይለቁና ከአጥንት ያስወጣሉ። ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት ይጠራቀማል፣ ቫይታሚን ዲ በደንብ አይሠራም፤ እጢዎቹ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፣ አጥንት ይሳሳል። ካልሲየም የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ግን ይለያል። ሆርሞኑ ከሌሎቹ የዲያሊሲስ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። በጣም ሲወርድ አጥንቱ ይተኛል፤ አይፈርስም፣ አይታደስም። ያኔ የሚዋጠው ካልሲየም አጥንት ስለማይቀበለው የደም ስርና የልብ በር ላይ ይጋገራል። የስኳር ታማሚ ደም ስር ደግሞ ድሮም የተጎዳ ነው። ልብ፣ ስትሮክ፣ የማይድን የእግር ቁስል... አስቡት። ሆርሞኑ ቢበዛም ቢያንስም አጥንት ሊያም ስለሚችል በሕመሙ ብቻ አይለይም።

የላብራቶሪ ወረቀቱም ያሳስታል። ዲያሊሲስ ላይ የሚፈለገው መጠን ከጤነኛ ሰው ከፍተኛ ልክ በግምት ከ2 እስከ 9 እጥፍ ነው። ስለዚህ «ኖርማል» የሚል ውጤት ለእነሱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል! ምርመራው ሁሉም ቦታ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ቢሆንም በየ3 እስከ 6 ወሩ አንዴ ማሠራት ሳይለኩ ለወራት ከመዋጥ ይሻላል። እኛም ሐኪሞች ለሁሉም አንድ ዓይነት ማዘዣ መጻፉን ብንተው ጥሩ ነው።

ካልሲየሙን ሐኪም ፎስፌት እንዲይዝ ብሎ ካዘዘው ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ፎስፌቱን ሳይዝ ወደ ደም ይገባል።

«የአርዲቦን ዓሣ ይከልከል ወይ?» ለምትሉኝም፦ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አጥንቱን አውጥታችሁ፣ ቀቅላችሁ፣ ውኃውን ደፍታችሁ በልኩ ስጡ። ይልቅ ልትጠይቁ ስትሄዱ ይዛችሁ የምትገቡትን ጥቁር ለስላሳ ተዉት። ፎስፌቱ ከዓሣው በበለጠ ወደ ደም ይገባል፣ ስኳሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።