የድንጋዩ ቶንና የዛፉ ቶን

ከሬይኪያቪክ ብዙም በማይርቀው ሄሊሼይዲ ትላልቅ ማራገቢያዎች አየር ይስባሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጣሪያው ላይ ይቀራል፤ ማጣሪያው 100 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ይለቀዋል። ከዚያ ውኃ ውስጥ ይሟሟና ወደ ባዝልት ዐለት ይወርዳል። እዚያው አካባቢ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከተቀበረው ጋዝ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ማዕድን መቀየሩን አሳይቷል። ከጉድጓዱ በወጣው ናሙና የጥቁሩ ድንጋይ ቀዳዳዎች በነጭ ካልሳይት ተሞልተው ይታያሉ።

ድንጋይ የሆነ ነገር ተመልሶ አይተንም። ጥያቄው ስንት ቶን ድንጋይ ሆነ፣ ማንስ ቆጠረው የሚለው ነው።

እዚያው ኦርካ የተባለው ጣቢያ በ2021 ሲመረቅ በዓመት 4,000፣ ተከታዩ ማሞዝ በ2024 ሲከፈት 36,000 ቶን የመሰብሰብ አቅም አላቸው ተባለ። ሄይሚልዲን የተባለው የአገሩ ጋዜጣ በ2025 እንደዘገበው ግን በተግባር የተሰበሰበው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ብክለታቸውን ለማካካስ ለሚፈልጉ ገዢዎች በቶን የሚሸጠው የካርቦን ምስክር ወረቀት በአቅም ላይ አይጻፍም። ከመሬት በታች ከገባው ላይ ለግንባታው፣ ለኃይሉና ለማጓጓዣው የወጣው ብክለት ተቀንሶ በተረፈው ላይ ብቻ ነው መጻፍ ያለበት።

ስለዚህ ምስክር ወረቀት የወጣውና በ2024 ማብቂያ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ ነገር ለይቷል፤ ይህንን እወድለታለሁ። ለብዙ መቶ ዓመታት የሚቆየውን “ቋሚ” ሲል፣ ቢያንስ 35 ዓመት በምርት ውስጥ የሚቆየውንና ቢያንስ 5 ዓመት የሚቀጥለውን የእርሻና የደን ሥራ በየራሳቸው መደብ አስቀምጧል። የማይዋጥልኝ የክፍያው ነገር ነው። በዚህ ገበያ የኦዲተሩን ሒሳብ በአብዛኛው የሚከፍለው ሻጩ ነው። ሻጩ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ይፈልጋል፤ ገዢውም ርካሽ ቶን ካገኘ አይጠይቅም። ቁጥሩ ዝቅ ቢል የሚጠቀም ሰው ጠረጴዛው ላይ የለም። ኦዲተሩ ከጋራ ቋት ይከፈለው፤ ማንን እንደሚመረምርም ሻጩ አይምረጥለት።

የእኛም ጉዳይ ነው። የወላይታ ሁምቦ ገበሬዎች ከጉቶ ያስነሡት 2,728 ሄክታር ደን በኪዮቶ ስምምነት ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመዝግቧል። በዚያ ማዕቀፍ የደን ክሬዲት ጊዜያዊ ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ዋጋ ያጣ ነበር። ይህ ገበሬውን መናቅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ደኑ አፈርና ውኃ ያቆያል፣ ለዚያም ሊከፈልበት ይገባል። ዛሬ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ጭስ ግን ከፊሉ ለሺህ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል፤ እሱን በአምስት ዓመት ዛፍ አጣፋሁ ማለት ሒሳብ አይደለም። ዛፉ ሲቃጠል ደግሞ ዕዳው ገበሬው ላይ እንዳይወድቅ።

እኛም ስምጥ ሸለቆ፣ ባዝልትና እንፋሎት ስላለን የድንጋዩም ነጋዴ መምጣቱ አይቀርም። ለፈራሚዎቻችን የምለው ይህን ነው፦ ጋዙ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ለቆጣሪው ማን እንደሚከፍል፣ ቢያመልጥ ማን ተጠያቂ እንደሚሆን ውሉ ላይ በአማርኛ ካልሰፈረ አትፈርሙ።